የጭልፊት ዓይን ጫማ ሲገዛ

ስለ ዓይኔ ልንገራችሁ። ስለ ቁመቴና ስለ ጥርሴ ሰቆጣ ገበያ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ ለዓይኔ ግን ራሴ ነኝ የማወራለት። ዓይኔ የጭልፊት ዓይን ነው። እንዲህ ብሎ የሰየመኝ ሰው አለ። እሺ፣ እኔው ነኝ የሰየምኩት፤ ግን ደጋግሜ ስላልኩት ሌላውም ሰው ማለት ጀምሮ ነበር።

ሥራዬ ፍየል ነው። ከኒሯቅ ገበያ ገዝቼ ሰቆጣ አምጥቼ እሸጣለሁ። ፍየሏ ገና ከሩቅ አቧራ እያስነሳች ስትመጣ ዕድሜዋን፣ ስንቴ እንደወለደች፣ ከፈለጋችሁም የባለቤቷን ጠባይ ጭምር እነግራችኋለሁ። ይሄ ዓይን ደሞ ዝም ብሎ ከሜዳ የበቀለ እንዳይመስላችሁ። በአባቴ በኩል የመጣ ነው። የአባቴ አባት አበርገሌ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ተከዜ ማዶ ያለው ዝንጀሮ ወንድ ይሁን ሴት ይለዩ ነበር ይባላል። ማን ተሻግሮ እንዳረጋገጠ አትጠይቁኝ። ዘር ከልጓም ይስባል። በእናቴ በኩል ያሉት ግን፣ እናቴ ጆሮ አይግባብኝ እንጂ፣ የሚወረስ ነገር አላቸው ብዬ አስቤም አላውቅ። መሬት ሲካፈሉ ለእናቴ የደረሳት አንድ የድንጋይ ክምር ነው፤ እሱንም ወንድሟ፣ አጎቴ ሲሳይ፣ ወስዶ አጥር ሠራበት።

ትምህርት? እስከ አምስተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ከዚያ በላይ ብቀጥል መምህሩ ይከፋዋል ብዬ ተውኩለት።

አሁን ወደ መከራዬ ልግባ። መከራዬ አለሚቱ ትባላለች። ቅዳሜ ገበያ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጣለች። የተዋወቅነው ቲማቲም ስገዛ ነው። እኔ እየመረጥኩ ሰሃኑ ላይ አደርጋለሁ፣ እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ወንድሜ፣ ጥሬ ጥሬውን ብቻ ለይተህ መምረጥህ ነዋ! ሌላው ሰው የበሰለውን ነው የሚሻማው።»

እኔ መቼ አፍ አጣለሁ? «የበሰለውን ማንም ይወዳል። እኔ እስኪበስል የምጠብቅ ሰው ነኝ» አልኳት። ይቺ ንግግር ልቧን ወሰደችው። ሳላውቀው የተናገርኩት ነገር ሁሉ ሁሌም እንዲህ ያምርብኛል።

ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ሽማግሌ፤ መሪው አባ ክንፉ፣ ሰማንያን ያለፉ ቄስ፣ የአገሩን ትውልድ በጣታቸው የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። አንደኛው ሽማግሌ ደግሞ አጎቴ ሲሳይ። የአለሚቱ አባት አያ ወልዴ እንደ አገራችን ወግ ስለ ፍየሎቼ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ዘሬ ጠየቁ። «ቁምጥና አለ? የሚጥል በሽታ አለ? ያበደ አለ?»

አጎቴ ሲሳይ ከተቀመጠበት ተነሳ። «አያ ወልዴ! በዘራችን የታመመ ሰው የለም። እርስ በርስ የምንጣላው እንኳ ጤና በዝቶብን ነው!»

አባ ክንፉም መስቀላቸውን አንስተው «ዘሩ እንደ ዋግ ማር ነጭ ነው፤ እንከን ቢገኝበት እኔን ጠይቁኝ» አሉ። ከዚያ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ተቆጠረ። በአባቴ በኩል ሰባቱም ጥንቅቅ ብሎ ተቆጠረ። በእናቴ በኩል አራተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ጠላ ቀረበ፤ ቀሪው ሦስቱ ቤት በጠላው ውስጥ ሰጠመ። እኔም ደስ አለኝ። የእናቴን ዘር ማን ይፈልገዋል?

ቀጥሎ ጥሎሽ። ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጃንጥላ፣ ሽቶ ተገዛ። ጫማ ቀረ። አለሚቱ የፈለገችው ቀይ ባለ ታኮ ነው፣ ሠላሳ ስምንት ቁጥር። እናቴ «ከእህትህ ጋር ሂድ» አለችኝ።

«ጭልፊት ለአደን ሲወጣ እህቱን ይዞ ይወጣል?»

እናቴ ነጠላዋን ሳብ አደረገች። ከዚያ «እሺ፣ እንግዲያው ነጭ ግዛላት» አለች።

«ቀይ ነው ያለችኝ እኮ!»

«ነጭ ግዛ ልጄ። ነጭ ይሻላል።»

በሰቆጣ አቧራ ነጭ ጫማ? አሮጊት ምን ያውቃል ብዬ ሄድኩ። ይቺን ቦታ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ጫማ የሚሸጠው እንደ ድንች ተከምሮ ነው። ግራው አንድ ቦታ፣ ቀኙ አንድ ቦታ። ነጋዴው አምስት ሰው በአንድ ጊዜ እየተከራከረ «ራስህ ፈልገህ አጣምር!» አለኝ። ላጣምርልህ ቢለኝም አልፈቅድለት። ክምሩ ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ ግራውን አገኘሁ፣ ቀኙን አገኘሁ፣ ታኮውን ለካሁ፣ ቁጥሩን አየሁ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ስምንት። «ዓይኔ አይስትም» አልኩና በጥቁር ፌስታል አስገብቼ ሄድኩ።

በማግስቱ እሁድ የአያ ወልዴ ግቢ ዳስ ተጥሎ፣ ሰው ሞልቶ፣ አባ ክንፉ ጥሎሹን አንድ በአንድ እያነሱ ይጠራሉ። «ቀሚስ!» እልልል! «ነጠላ!» እልልል! «ጃንጥላ!» እልልል! እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አንገቴን እንደ አውራ ዶሮ አርዝሜያለሁ።

«ጫማ!»

ጫማውን አያ ወልዴ ራሳቸው ተቀበሉ። አዩት፣ አገላበጡት፣ ሶሉን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ጥሩ ጥንድ ነው» አሉ። ወደ ላይ ከፍ አድርገው መረቁ፤ «እንደነዚህ ጫማዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ ልብ ያድርጋችሁ!»

ወንዶቹ «አሜን!» አልን። ሴቶቹ እልልታ ጀምረው መሃል ላይ ቆረጡት። እልልታ መሃል ላይ ሲቆረጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ነው የሚመስለው፤ ሆዳችሁ ብቻውን ወደፊት ይሄዳል።

የአለሚቱ እናት እትዬ ዘነበች ከሴቶቹ መሃል ወጡ። «የዚህ ሌላው እግር የታለ?»

«ሁለቱም አሉ እኮ፣ እትዬ። ግራና ቀኝ።»

«አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ነው!»

ጫማውን አየሁት። ጫማውም አየኝ። ጫማ ነው። ቡና ዓይነት፣ ደስ የሚል ጫማ። አያ ወልዴም አዩት፤ ረዥም ጊዜ አዩት። ከዚያ «እ... አዎ! አረንጓዴ! ይሄው አረንጓዴ!» ብለው በጣታቸው አንደኛውን ጠቆሙ። እትዬ ዘነበች የባላቸውን ጣት ያዙና ቀስ ብለው ወደ ሌላኛው አዞሩት። ንዴት ነው ያወዛወዛቸው ብዬ አዘንኩላቸው።

ወዲያው ከሴቶቹ አንዷ፣ እግዜር ይይላት፣ ምሥጢሩን ፈታችው። «ይሄ ልጅ ሁለት ጥንድ ነው የገዛ! አንዱን ለአለሚቱ፣ አንዱን ለሌላ! ፌስታል ውስጥ ተቀላቅሎበት ነው! አሁን ያቺኛዋም አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ አድርጋ ትሄዳለች!»

ዳሱ ጮኸ። መርማሪ ፖሊስ እንዲህ አይመረምርም። አያ ወልዴ ፈረዱ፤ «እስከ ቅዳሜ የሌሎቹን ሁለት ጫማ ነገር አጣርተህ ታመጣለህ። ካላመጣህ ጥሎሽህን ጭነህ ትሄዳለህ። ልጄ የማንም ቅያሪ አይደለችም።»

ማታውኑ አለሚቱ ደወለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ከዳተኛ ነህ ወይስ ዕውር?»

«እኔ? ዕውር? እኔ ጭልፊቱ?»

«ዕውር ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ዕውር በእጁ ይዘው ይመሩታል። ከዳተኛን በምኑ ይይዙታል?» ብላ ዘጋችው።

ሰኞ ነጋዴውን ፍለጋ ወጣሁ። ጫማውን ጭኖ አምደወርቅ ገበያ ሄዷል አሉኝ። በሚኒባስ፣ ሦስት ሰው በአንድ ወንበር፣ ጉልበቴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ማክሰኞ አገኘሁት።

«ባለፈው የሸጥክልኝ ጫማ፣ የሌላው ግራና ቀኝ የት አለ?»

«ተሸጠ።»

«ለማን?»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ላንተ።»

«ለእኔማ አንዱን ነው የሸጥከው!»

«እንግዲያው አንተን ለመሰለ ሰው። ፀጉሩ ሸበት ያለ፣ ያንተው አፍንጫ፣ ያንተው አነጋገር። የተረፉትን ሁለቱን አነሳ፤ ኧረ አይመሳሰሉም ልለው ስል ‹ዓይኔ አይስትም› ብሎ ተቆጣኝ። እኔም የሚቆጣኝን ሰው አላርም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይገባው ነበር። እኔ ግን እየተሳደብኩ ተመለስኩ። ሰቆጣ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሌሎቹ ሁለት ጫማዎች ተገኝተዋል! በሚካኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አንድ ቀይ አንድ አረንጓዴ ተደርገው ታይተዋል። ማን እግር ላይ? እትዬ ደስታ እግር ላይ። እትዬ ደስታ ማን ናት? የአጎቴ የሲሳይ ሚስት።

አሁን አስቡት። እስከዚያ ቀን ድረስ ተራ ወስላታ ነበርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአጎቱን ሚስት ጫማ የሚያለብስ ሰው ሆንኩ። ፍየል ሊገዛኝ የመጣ ሰውዬ እንኳ ፍየሏን ትቶ እኔን ዞሮ ዞሮ አየኝ።

ወደ አጎቴ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው። እትዬ ደስታ ግቢው ውስጥ እንጨት ትፈልጣለች። ጫማው እግሯ ላይ ነው። በታኮ ጫማ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እትዬ ደስታ! በእመብርሃን! ይሄን ጫማ ማን ሰጠሽ?»

አጎቴ ከቤት ወጣ። «እኔ ነኛ! ማን ሊሰጣት ነው? ቀይ ጫማ ገዝቼ ለሚስቴ ብሰጥ አንተን ምን አገባህ?»

እትዬ ደስታ መጥረቢያውን አቆመች። «ቀይ አለ?»

«ቀይ አይደል እንዴ?»

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ አላቆም ሲላት ግንዱ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተናደደች። እትዬ ደስታ ስትናደድ አማርኛውን ትታ ወደ አገራችን አገውኛ፣ ወደ ኽምጣና ትገባለች፤ ስድቧን አልተረጉምላችሁም፤ እኔና አጎቴ ግን አንገታችንን ደፍተን ሰማን። ወደ አማርኛ ስትመለስ እንዲህ አለች፤

«ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥሬ በለስ እየቀጠፈ፣ ሥጋው ሳይበስል በስሏል እያለ፣ አረንጓዴ ሻሽ ‹ቀይ ሻሽ ገዛሁልሽ› እያለ ሲያመጣልኝ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ቀይና አረንጓዴ አይለይም ይሄ ሰው! አንተም አትለይም! የእናትህ ወገን ወንዶች ብዙዎቻችሁ እንዲሁ ናችሁ!»

አጎቴ አፉን ከፈተ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬህ ምን ልትሆን? ሰው ቢሰማ፣ በዘራቸው የዓይን በሽታ አለ ቢባል፣ ሦስቱን ሴት ልጆቼን ማን ያገባልኝ ነበር? ሁሉንም ከዳርኩ በኋላ ነው ዛሬ የምናገረው።»

ሰማይ ተደፋብኝ። የሃያ አራት ዓመት ሕይወቴን ወደ ኋላ አየሁት። አለሚቱ የሳቀችበት ቲማቲም! እኔ እኮ ሰው ሁሉ ቲማቲም የሚመርጠው በእጁ እየጫነ ይመስለኝ ነበር። ክፍል ውስጥ መምህሩ «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ሲል የጎኔን ልጅ አፍ እያየሁ ነበር የምመልሰው፤ ሌላውም እንደዚያ የሚያደርግ ይመስለኝ ነበር። ያዳነኝ የፍየል ንግድ ነው። እግዜር አረንጓዴ ፍየል አልፈጠረም።

አሁን ምርጫው እንዲህ ነው። ዝም ካልኩ ወስላታ ነኝ፤ አለሚቱ የለችም። እውነቱን ካወጣሁ ዘሬ እንከን አለበት፤ አባ ክንፉ በመስቀላቸው የማሉት ይበላሻል፤ አለሚቱ አሁንም የለችም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን ሙሉ ወስላታነቱን መርጬ ነበር። ለወንድ ልጅ ወስላታ መባል በገበያችን ብዙም አያሳፍርም፤ ጭልፊቱ ቀይና አረንጓዴ አይለይም መባል ግን ለፍየሎቹም ያሳፍራል። ከዚያ ያቺ ልጅ በስልክ ያለችው ትዝ አለኝ። «ዕውር ብትሆን ይሻለኝ ነበር።» እንዲህ ያለ ነገር የምትናገር ሴት ሰቆጣ ውስጥ ስንት አለች? አንድ ናት። ቆጥሬያለሁ።

«ዓይኔ ይመርመርልኝ» ብዬ አያ ወልዴ ጋ ላክሁና ዓርብ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄድን። ብቻዬን ሄጄ ወረቀት ባመጣ ገዝቶት ነው ይባላልና ሁሉም መጣ፤ አያ ወልዴ፣ እትዬ ዘነበች፣ አለሚቱ፣ አባ ክንፉ፣ አጎቴ፣ እትዬ ደስታ ከነጫማዋ፣ እናቴ። ሠርግ ይመስል ነበር። እዚያ ያለችው ሲስተር ወጣት ናት፤ ይሄን ሁሉ ሰው ስታይ ማን እንደሞተ ጠየቀች።

አንድ መጽሐፍ አወጣች። ገጹ ሁሉ ክብ ክብ ነጠብጣብ ነው፤ ምስርና አተር የተደፋበት ሰፌድ በሉት።

«የመጀመሪያው ላይ ምን ቁጥር ታያለህ?»

«አሥራ ሁለት!» አልኩና ሰውን ሁሉ ዞሬ አየሁ። ጭልፊት!

«እሱን ሁሉም ሰው ያየዋል። እዚህኛውስ?»

«እዚህኛው ላይ ቁጥር የለም።»

«አለ።»

«እሺ፣ ታገሺኝ» አልኩና ነጠብጣቡን በጣቴ እየነካሁ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ ሦስት ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። አጎቴ ተራው ደርሶ አየና «መጽሐፉ አርጅቷል፣ ቁጥሩ ለቋል» አላት። የሰማንያ ዓመቱ አባ ክንፉ፣ እንጀራና ሰፌድ የማይለዩት፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከሩቅ «ሰባ አራት» አሉ። በሕይወቴ ቄስ ጠልቼ የማውቀው ያን ጊዜ ነው።

«ቀይና አረንጓዴ አትለዩም» አለች ሲስተር። «በሽታ ብላችሁ አትጨነቁ። የሚያም ነገር አይደለም፣ አይብስም፣ ወደ ሌላ ሰው አይጋባም። በዘር የሚመጣ ነው።»

«በአባቴ ዘር እንኳ አይሆንም!» አልኩ። «የአባቴ አባት ተከዜ ማዶ ያለ ዝንጀሮ...»

«በአባትህ በኩል አይደለም። ወንድ ልጅ ይሄን ከእናቱ ነው የሚወርሰው። ቀለም የሚለየው ነገር ሴት ላይ ሁለት ነው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ታያለች። ወንድ ግን ያለው አንድ ብቻ፣ እሱም የእናቱ። እሱ ከተበላሸ አለቀ። አያትህ፣ የእናትህና የአጎትህ እናት፣ ተሸክማው ነበር ማለት ነው። ለአጎትህም ሰጠችው፣ ለእናትህም አሸከመቻት፣ እናትህ ላንተ ሰጠችህ። እነሱ ላይ አይታይም።»

ገባኝ። ሴት ባለ ሁለት ሲም ናት፤ አንዱ ኔትወርክ ቢያጣ በሌላው ትደውላለች። ወንድ ባለ አንድ ሲም ነው። እኔ ደሞ ሲሙን የወሰድኩት ከእናቴ ቤት ነው። ከዚያ ቤት መሬት ሲካፈል ድንጋይ፣ ዓይን ሲካፈል ይሄ! እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት ታያለች። ስታዝን ይሁን ስትስቅ አልለየሁም፤ ዓይኔን አላምነውማ።

ያን ጊዜ አያ ወልዴ ተነሱ። ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«አባ ክንፉ! ዘሩ እንደ ማር ነጭ ነው ብለው ምለው አልነበረም? ይሄው! ልጁ ወስላታ አለመሆኑን አይቻለሁ፤ ከውስልትናው ነጻ ነው። ግን ልጄን ለማያይ ዘር አልሰጥም! የልጅ ልጆቼ ቃሪያና በርበሬ ሳይለዩ እንዲኖሩ? ይሄን የመሰለ፣ ልጅ የሚያነበውን ግልጽ ነገር...» እያሉ መጽሐፉን ከሲስተሯ እጅ ቀሙና ገለጡት።

ዓይናቸውን አጠበቡ። ቀጣዩን ገለጡ። መጽሐፉን ዘቅዝቀው ያዙት። ወደ መስኮቱ ሄደው በብርሃን አዩት።

«ሲስተር» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «እነዚህ ገጾች ሳይታተሙ የቀሩ ናቸው።»

«የትኞቹ፣ አባቴ?»

«ሁሉም።»

 እትዬ ዘነበች ቀስ ብለው መጥተው መጽሐፉን ከባላቸው እጅ ወሰዱ። «በቃ ወልዴ፣ ተቀመጥ» አሉ። እትዬ ደስታ እትዬ ዘነበችን አየቻቸው። እትዬ ዘነበችም የእትዬ ደስታን ጫማ አዩ። እነዚያ ሁለት ሴቶች ያን ቀን የተያዩትን አስተያየት በቢላ አትቆርጡትም።

እኔማ ነገሬ አለቀ ብዬ፣ አማቼን ላቅፍ ተነሳሁ። አባ ክንፉ ከዘራቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ዓይናቸው አንድ ከሆነ፣ ዘራቸውስ አንድ ቢሆን? በእናቱ በኩል እኮ አራት ቤት ላይ ነው ያቆምነው።»

ሲስተር «አባ፣ ይሄ ብዙ አገር፣ ብዙ ሰው ላይ ያለ ነው፤ የግድ ዘመድ መሆን የለባቸውም» ብትል ማን ሰማት። «የብዙ አገሩን ብዙ አገር ይቁጠር። እኛ ሰባት ቤት እንቆጥራለን» አሏት።

ጤና ጣቢያው ግቢ፣ ግራሩ ሥር ተቀመጥን። አባ ክንፉ በግራ እጃቸው የእናቴን ወገን፣ በቀኝ እጃቸው የአያ ወልዴን ወገን ይቆጥራሉ። እናቴ ትረዳቸዋለች። አምስተኛው ቤት፣ ዝምድና የለም። አለሚቱ ጥፍሯን ትበላለች። ስድስተኛው፣ የለም። እዚህ ላይ አባ ክንፉ ቆሙና ጠላ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ጤና ጣቢያ ነው፣ ጠላ ከየት ይምጣ? ሲስተሯ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ቅር እያላቸው ጠጡ። እኔ በዚያች ውሃ ውስጥ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ። ሰባተኛው...

«የለም!»

አለሚቱ እልል ልትል አፏን ስትከፍት «ስምንተኛው ላይ ተገናኙ» አሉ አባ ክንፉ። «አንዲት ወለተ ሥላሴ የምትባል ሴት ናት።»

አያ ወልዴ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «በአንድ ቤት ብቻ?»

«ሰባት ሰባት ነው፣ ስምንት ስምንት ነው። ስምንተኛው ለጨዋታ ነው። ማግባት ይችላሉ።»

ዓይናችን ከዚያች ሴት ይምጣ አይምጣ ማንም አያውቅም። እኔ ግን ወለተ ሥላሴን አምኛታለሁ። ዘመን ተሻግራ ሁለት ቤት ጫማ ያሳሳተች ሴት ናት፤ የአባቴ አባት ከዝንጀሮ በቀር ምን አሳዩ?

ሲስተር እውነቱን ሳትናገር አላለፈችም። አለሚቱን ለብቻዋ አስቀምጣ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «አባትሽም አለባቸው፣ ስለዚህ አንቺም ተሸክመሻል። ከእሱ ብትወልጂ ወንዱም ሴቷም ቀለም ላይለዩ ይችላሉ» አለቻት።

«ይገድላል?» አለች አለሚቱ።

«አይገድልም።»

«ያሳውራል?»

«አያሳውርም።»

«እንግዲያው ጫማቸውን እኔ እገዛላቸዋለሁ።»

ይሄን ስትል ያስለቀሰኝ አቧራ ነው።

አያ ወልዴ አንድ ነገር ብቻ አስማሉን፤ የእሳቸው ነገር ገበያ እንዳይወጣ። ማልን። እኔም ምሥጢሩን ጠብቄያለሁ፤ ከእናንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

የሠርጉ ቀን እትዬ ደስታ መጣችና ከሙሽራዋ አጠገብ ተቀመጠች። አንድ ጫማዋን አወለቀች፣ አለሚቱም አንድ አወለቀች፣ ተለዋወጡ። ሴቱ ሁሉ እልልታውን አቀለጠው፤ ያን በጥሎሹ ቀን የተቆረጠውን ጭምር ከነወለዱ ከፈሉት። እኔ ጎንበስ ብዬ የአለሚቱን እግር አየሁ። ምን እንደተለወጠ እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ እናቴ፣ እትዬ ደስታና እትዬ ዘነበች ሙሽራዋን ወደ ጓዳ ወሰዷት። ትዳር ሊመክሯት ነው ብዬ ጆሮዬን ከግድግዳው ለጠፍኩ፤ ጆሮዬ ደህና ነው፣ እሱ ከአባቴ ነው። ምክሩን የጀመረችው እናቴ ናት።

«ቀዩን አምጣልኝ አትበይው፣ ልጄ። የዳር ዳሩን አምጣልኝ በይው። ቃሪያውን ሳይሆን ከላይ ያለውን። ምርጫ ካለው ነገር ነጭና ጥቁሩን አስመርጪው። እሱም አያፍርም፣ አንቺም አትጎጂም።»

ግድግዳው ላይ እንደተለጠፍኩ ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ አንድም ቀን በቀለም ስም አዝዛኝ አታውቅም። «የግራውን ገንቦ»፣ «ከበሩ ሥር ያለውን ኬሻ»፣ «ነጭ ግዛ ልጄ።» የአገራችን ሴት የማትሸከመው የለም እንል ነበር፤ ውሃ፣ እንጨት፣ ልጅ። ለካ የወንዱንም ዓይን ተሸክማ ኖሯል የምትሄደው፣ ያውም ሳይታይባት።

አሁን ቅዳሜ ገበያ አብረን እንወጣለን። እሷ ትመርጣለች፣ እኔ ፌስታል እይዛለሁ፣ ሰው ሲያልፍ ጮክ ብዬ «እኔ ነኝ የመረጥኩት!» እላለሁ። እሷም አትክደኝም።

ዓይኔ ግን እንደ ድሮው የጭልፊት ዓይን ነው። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ጭልፊት ጫማ ሲገዛ ማን አይቶ ያውቃል?